የኮሌታው ገበር

ጂፑ የካርታ ክፍሉን ግቢ ለቆ ሲወጣ ሻምበል ባሻው በአንድ እጁ ኮፍያውን፣ በሌላው የአጉሊ መነጽሩን ሣጥን ይዞ፣ በጉልበቱ ደግሞ የጂፑን በር ደግፎ ነበር። በሩ አይዘጋም። ሹፌሩ እንዳለው ከተበላሸ ስምንት ወሩ ነው፤ መለዋወጫው ግንባር ሄዷል። በዚያን ዘመን የጠፋ ነገር ሁሉ ግንባር ሄዷል ይባል ነበር፤ ሳሙናውም፣ ጫማውም፣ ወንዱም።

ከፊታቸው ወታደር የጫኑ ሦስት ካሚዮኖች ወደ ወንዙ ይጓዛሉ። ሁለት ጦር በወንዙ ግራና ቀኝ ምሽግ ቆፍሮ ከተፋጠጠ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሹፌሩ ካሚዮኖቹን ሊቀድም እየታገለ፣ ዛሬ ምስክሩ ካለቀ ነገ ፍርድ ይሰጣል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሻምበል ባሻው አላውቅም አለው። ሹፌሩም አገር ለሸጠ ሰው ጥይት ማባከን ምን ይሉታል፣ ገመድ ጠፋ እንዴ እያለ ቀጠለ። ሽማግሌው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሦስቱንም ተከሳሾች ያስተማራቸው እሱ ነው።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈው ካርታ ላይ አጎንብሶ ነው። በማዕረጉ የሚጠራው እንግዳ ሰው ብቻ ሲሆን የቀረው ሁሉ «ባሻ ሚሊሜትር» ይለዋል። አንድ ጊዜ አንድን ጀማሪ መኮንን ለአንዲት ሚሊሜትር ስህተት አንዱን ኮረብታ ሦስት ጊዜ አሥሎታል። ልጁ ቢነጫነጭበት፣ እዚህ አንድ ሚሊሜትር ማለት እዚያ ሃምሳ ሜትር ነው፣ ሃምሳ ሜትር ላይ ስንት ሰው እንደሚሞት ቁጠርና ንገረኝ አለው። ያ ጀማሪ በኋላ መቶ አለቃና የቀያሾች አለቃ ሆነ፤ አሁን ደግሞ አንደኛ ተከሳሽ ነው።

ክሱ እንዲህ ነው። የጎረቤቱ መንግሥት ቆንስል መልእክተኛ ድንበር ላይ ሲፈተሽ የወንዙ ምሽግ የተነደፈበት የካርታ ጨርቅ ቦርሳው ውስጥ ተገኘ። የካርታ ጨርቅ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በአሚዶ ተገትሮ የደረቀ፣ ከካርታ ክፍል በቀር በከተማው የትም የማይገኝ ነው። ያ ምሽግ በጨርቅ ላይ የተነደፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዳሩ ላይ ቀለም ፈሶበት ተበላሸና እንዲቃጠል ታዘዘ፤ መቃጠሉም በመዝገብ ሰፍሮ ተፈርሞበታል። ሁለተኛው ካዝና ውስጥ ነው። ከካዝና የወጣው አንድ ጊዜ፣ ሦስቱ ቀያሾች ከመሬቱ ጋር ሊያመሳክሩት ለአሥራ አንድ ቀን ሲወስዱት ነው። እንግዲህ ሌላ ማን ይገለብጠዋል?

በመዝገቡ ላይ «ተቃጥሏል» ብሎ የፈረመው ሻምበል ባሻው ነው። እዚህ ላይ፣ በክፍሉ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው አንድ ነገር አለ። የተበላሸ የካርታ ጨርቅ አይቃጠልም። ሲቀቀል አሚዶውም ቀለሙም ይለቅና ከሐር የማይተናነስ ለስላሳ ጨርቅ ይወጣዋል፤ በጦርነት ዘመን እንዲህ ያለ ጨርቅ በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ይፈረማል፣ ጨርቁም በየተራ ወደየቤቱ ይሄዳል። ከክፍሉ አዛዥ ልጆች ጀምሮ የዚያ ግቢ ሕፃን ሁሉ የመጀመሪያ ሸሚዙ የካርታ ጨርቅ ነው። «ይሄኛው ምሥራቅ ግንባር ላይ ሸናበት» እየተባለ ይሳቅ ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ይሏል ይሄ ነው።

መርማሪው ፊርማው የእሱ መሆኑን ሲጠይቀው አዎ ብሏል። ጨርቁ ተቃጥሏል ወይ ሲለው ደግሞ እንደ ደንቡ ተደርጓል አለ። ውሸት መሆኑን አላጣውም፤ ግን ለልቡ የሚሰጠው ማስተባበያ ነበረው። የተቀቀለ ጨርቅ ካርታ አይናገርምና ይህቺ ትንሽ ውሸት የማንንም አንገት አትነካም ብሎ አሰበ። ጭራሽ ሦስቱን መቀየም ጀምሮ ነበር። ያስተማርኩት እጅ አገር ሸጠ ብሎ ስንት ቀን እህል አልበላም።

ችሎቱ የተሰየመው በድሮ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ ግማሹ ሳይጠፋ ቀርቷል። ሰብሳቢው ኮሎኔል ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ በሁለት ዳኞች መካከል ተቀምጧል፤ ጥግ ላይ ጸሐፊው ከጽሕፈት መኪናው ጋር ይታገላል። ተከሳሾቹ አግዳሚ ላይ ናቸው። ማዕረጋቸው ከትከሻቸው ተነቅሎ ክሩ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ቀበቷቸው ስለተወሰደ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። መቶ አለቃው መምህሩን ሲያይ እንደ ልማዱ ሊነሳ ሲል ዘቡ ትከሻውን ተጫነው። ከጎኑ ከቁመቱ የተነሳ «ምሶሶ» የሚሉት አሥር አለቃ አለ። ሦስተኛው በተጋባ በዘጠነኛው ቀን ስለተያዘ እስር ቤቱ በሙሉ፣ ዘቦቹ ሳይቀሩ፣ «ሙሽራው» ይለዋል።

ዐቃቤ ሕጉ ሻለቃ ነው፤ ጥንቁቅ፣ ድምፁን የማያነሳ፣ ክፋት የሌለበት ሰው። ሻምበል ባሻውን ካስማለ በኋላ ከፖስታ ውስጥ ጨርቁን አውጥቶ ፊቱ ዘረጋለት። ሽማግሌው ጨርቁን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሙሉ፣ አራት ማዕዘን የካርታ ጨርቅ ሲጠብቅ፣ የቀረበለት እንደ ግማሽ ጨረቃ ጎብጦ የተቆረጠ ጨርቅ ነበር። ሻለቃው ቅርጹ ኮፍያ ገበር ውስጥ ለመደበቅ እንደሆነ አስረዳ። ጨርቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሞልተዋል። ቀያሾች ካርታ ሲገለብጡ ዋናውን ከላይ አድርገው በመርፌ እየወጉ ነጥቡን ወደ ታችኛው ያሳልፋሉ፤ መርፌውም ከሦስቱ ሻንጣ ውስጥ ተገኝቷል። ስለዚህ ለባለሙያው የቀረበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ እነዚህ ቀዳዳዎች የመገልበጫ መርፌ ቀዳዳዎች ናቸው ወይስ አይደሉም?

ሻምበል ባሻው ጨርቁን ወደ መስኮቱ ወስዶ አጉሊ መነጽሩን አወጣ። የመገልበጫ መርፌ መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ጉድባው በሚሰበርበት ይወጋል። እነዚህ ቀዳዳዎች ግን ወንዝም ኮረብታም ሳይሉ በሰያፍ ረድፍ ያቋርጣሉ። ስፌት ነው። ይህን ልብ ሲል ግማሽ ጨረቃዋን ዞር አድርጎ አያት፤ የካፖርት ኮሌታ ሆና ቁጭ አለች። ከዚያ ረድፉን ቆጠረ። በየስምንተኛው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን አለ። ስምንት ሰፍቶ አንዱን መድገም፣ እንዳይተረተር ብሎ፣ በዚህ ከተማ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልማድ ብቻ ነው። እሷም ጠዋት ቁርሱን ሰጥታው የኮፍያውን አቧራ አራግፋ የሸኘችው አንድ ልጁ ናት።

 ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወለል ብሎ ታየው፤ ባይታየው ምን ነበረበት! ዘንድሮ ልጁ ለቆንስሉ ሚስት ካፖርት ሰፍታለች። ለሕፃን ሸሚዝ የሚሆነው ይቀቀላል እንጂ፣ ለኮሌታ የሚፈለገው ድርቅ ያለው፣ አሚዶው ያልለቀቀው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲለካ የኖረ ሰው ይህን አላሰበም። የተሻለ ብርሃንና ጥቂት ጊዜ እንዲሰጠው ለመነ። ኮሎኔሉም ሰዓቱን አይቶ እስከ ስምንት ሰዓት ለቀቀው።

ቤቱ ከዚያ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ልጁ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ፣ ከንፈሯ መሃል ሁለት መርፌ ይዛ አገኛት። ሠላሳ ዓመቷ ነው። የወታደር ሚስት ሆና ባሏን የወንዙ ግንባር ወሰደባት፤ እናቷም ካረፈች ስድስት ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አንዱ ላንዱ ነው የሚኖሩት። ያለ ሰዓቱ በመምጣቱ ደንግጣ ልትነሳ ስትል፣ ለቆንስሉ ሚስት የሰፋሽው ካፖርት ኮሌታው ውስጥ ምን አስገባሽ አላት።

«ያንን ደረቁን የካርታ ጨርቅ ነዋ። ምነው አባባ፣ ላላባት እንዴ? ዝናብ እንዳይመታው ብያት ነበር።»

ደንበኛ የከፋት መስሏት ነበር። ጨርቁ የት እንደተገኘ ሲነግራት ግን መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ካፖርቱ ዝናብ መትቶት ኮሌታው ሲላላ ሴትየዋ እንዲታደስ ብላ ፈትታው ይሆናል፤ በገዛ አንገቷ ላይ ምሽግ ታቅፋ መክረሟንም ያኔ ነው ያወቀችው።  ልጅቱ ተነስታ የቁርጥራጭ ከረጢቷን ፈታችና፣ መሃሉ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የጎደለ፣ ዳሩ ቀለም የፈሰሰበት ጨርቅ አውጥታ ሰጠችው።

የወለደ አንጀት ከሕግ ጋር አይማከርም። ሻምበል ባሻው ጨርቁን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ የከሰሉን ምድጃ ክዳን አንስቶ ከተተው። አሚዶ የጠገበ ጨርቅ ነውና ቦግ ብሎ ነደደ። ልጁ ከበሩ ላይ ቆማ እያየችው ነበር።

«ሦስቱስ?» አለችው።

እውነቱን እናገርላቸዋለሁ፣ ስፌት ነው እላለሁ፣ የሰፊዋን ስም ግን ከእኔ አይሰሙም አላት። ቃሌ ይበቃል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባሻ ሚሊሜትር ነው ያለው ከተባለ ክርክር የለም አላት።

«እርስዎን ያምኑ ነበር» አለችው። «ተቃጥሏል ብለው ፈርመው አመኑዎት እኮ፣ አባባ። አሁን ሦስቱን የሚገድላቸው ያ ፊርማ ነው።»

 ከቤት እንዳትወጣ፣ ሰው ቢመጣም እንዳትከፍት አዞ፣ በሩን በላይዋ ዘግቶ ሄደ። 

በስምንት ሰዓት ቆሞ መሰከረ። ስፌት መሆኑን፣ ረድፉ ለምን መስመር እንደማይከተል፣ ግማሽ ጨረቃዋ የኮሌታ ገበር መሆኗን አንድ በአንድ አስረዳ። የተበላሸውን ጨርቅ ራሱ ከክፍሉ ማውጣቱን፣ ሳያቃጥል ተቃጥሏል ብሎ መፈረሙን አልሸሸገም። ገበሩ የቆንስሉ ሚስት ካፖርት ኮሌታ ውስጥ እንደነበረም ተናገረ። ሙሽራው ሱሪውን መያዙን ረስቶ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሽማግሌው ጨርቅ ወደ ቤት የሚወስዱትን ሌሎች አላነሳም፤ በዚህ ጊዜ ሌላውን መጎተት ነውር መሰለው። ኮሎኔሉም ሌላ ማን ይወስዳል ብሎ አልጠየቀም፤ የገዛ ልጆቹ ምን ለብሰው እንዳደጉ ሳያውቅ አይቀርም።

ሻለቃው በእርጋታ ተነሳ። ግማሽ ጨረቃዋ ከዚያ ከተበላሸው ጨርቅ የተቆረጠች ከሆነች ቀሪው ጨርቅ የታለ ሲል ጠየቀ።

«ተቃጥሏል» አለ ሻምበል ባሻው።

«መቼ?»

«ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ።»

ሻለቃው ወደ ዳኞቹ አየ፤ ማንም አልሳቀም። ማን ነው የሰፋው ሲል ቀጠለ። እዚህ ላይ ነው ሽማግሌው የተሰናከለው። ሰው ለክፉ ቀን ውሸትን መልመድ አለበት ወይ፣ እኔ አላውቅም፤ እሱ ግን አልለመደም ነበርና የመጣለትን ተናገረ። ሟች ባለቤቴ ናት አለ። ሻለቃው የአገልግሎት ማህደሩን ገልጦ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አኖረ።

«ባለቤትዎ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል፣ ባሻ። ይህ ምሽግ የተነደፈው ዘንድሮ ነው።»

አንዲት ውሸት ከሰዓት የተናገረውን እውነት ሁሉ ይዛ ገደል ገባች። ሻለቃው አልጮኸበትም፤ ያ ደግሞ ይብስ ነበር። መምህር ተማሪዎቹን ለማዳን ሲል የሚያደርገው ይገባናል አለ፤ ነገር ግን ተቃጥሏል ብሎ የሚፈርም፣ አልተቃጠለም ብሎ የሚምል፣ ማስረጃ ሲባል አሁን አቃጠልኩት የሚል ሰው ቃል ሦስት ነፍስ ቀርቶ አንድ ገጽ ወረቀት አይሸከምም ብሎ ተቀመጠ። ኮሎኔሉ እስኪርቢቶውን አስቀምጦ ዓይኑን አሸ። መቶ አለቃው ከአግዳሚው ሆኖ መምህሩን በኀዘኔታ አየው። ሊሞት ያለው ልጅ ለእሱ ያዝናል።

ይህን ጊዜ የበሩ ዘብ ገብቶ ለኮሎኔሉ ጆሮ አንድ ነገር ነገረው። ውጭ ያለች ሴት ካፖርቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ ትላለች። ሽማግሌው ዘወር አላለም፤ ማን እንደሆነች ከእርምጃዋ ያውቃታል። ገብታ ከጎኑ ቆመች፤ የእሱን ፊት አላየችም። ጨርቁ ላይ የተነደፈው ምን እንደሆነ አባቷ እንዳልነገራት፣ ለኮሌታ እንዳዋለችው እሱ እንዳላወቀ፣ በአጭሩ ተናገረች። ሻለቃው አባት ያቃጠለውን ማስረጃ ልጅ በወሬ ልትመልሰው አትችልም ሲል፣ ወሬ አላመጣሁም አለች።

«ጨርቁን ስጡኝና እዚሁ ፊታችሁ ልስፋው። ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት።»

ሻለቃው ጨርቁ የክፍሉ መሆኑን ለማስረዳት ያመጣው አንድ ንጹሕ የካርታ ጨርቅ ነበር። ከዘቦቹ ክፍል መርፌና ክር መጣ፤ የጸሐፊው ካፖርት ከምስማር ላይ ወረደ። እሷ በዓይኗ ለክታ ግማሽ ጨረቃዋን ቆረጠች፤ ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መስፋት ጀመረች። ወታደሮቹ ሁሉ፣ ዳኞቹም፣ የአንዲት ሴት እጅ እያዩ ከሩብ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ስትጨርስ ክሩን በጥንቃቄ ፈታች፤ ቀዳዳዎቹን የያዘውን ጨርቅ ከመጀመሪያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቅርጹ ገጠመ። ሻለቃው ቅርጽማ የኮሌታ ሁሉ ቅርጽ አንድ ነው አለ፤ አልተሳሳተም።

ኮሎኔሉ ሻምበል ባሻውን ጠራና ስፌቱን መርምረው አለው። ሻለቃው ወዲያው ተቃወመ፤ አባቷ ነው አለ።

«አባቷ ስለሆነ ነው» አለ ኮሎኔሉ። «አይደለም ቢል አንገረምም፣ ሦስቱንም በማስረጃችን እንፈርድባቸዋለን። ነው ካለ ግን፣ ሻለቃ፣ አንተም እኔም የምንጠራጠርበት ምክንያት አይኖረንም።»

ሻምበል ባሻው አጎነበሰ። እስኪቆጥር ድረስ የለመነው አንድ ነገር ነበር፤ እጇን ቀይራ ሰፍታ እንዲሆን፣ በድንጋጤ ስምንቷን ረስታ እንዲሆን። ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ስምንት ላይ ደረሰ፤ ድግሟ አለች። ሁለተኛውን ረድፍ ቆጠረ፤ አለች። በየሁለቱ ቀዳዳ መሃል ያለውን በማስመሪያው ለካ፤ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል፣ እዚህም እዚያም። አልሸሸገችም። እንደ ሁልጊዜው፣ ለደንበኛ እንደምትሰፋው፣ ቀጥ አድርጋ ሰፍታዋለች። ቀና ቢል ሁሉም እሱን ነው የሚያዩት፤ ምሶሶ እንኳ ጎብጦ። ልቡ «አይደለም» በል፣ አንዲት ቃል ናት አለው። እውነትም አንዲት ቃል ነበረች፤ ሦስቱን ነገ ግድግዳ ጋ የምታቆም።

«የአንድ ሰው እጅ ነው» አለ።

ኮሎኔሉ የማን ብሎ ጠየቀ፤ ለመዝገቡ መነገር ነበረበት።

«የልጄ ነው፣ ጌታዬ። ሌላ እንዲህ የሚሰፋ ሰው የለም።»

የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ቆየት ብሎ ተሰማ። ኮሎኔሉ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሦስቱን ሲጠብቅ የዋለው ዘብ ጠመንጃውን አንስቶ ከአግዳሚው ጫፍ ተነሳ፤ ጥቂት አመነታና መጥቶ ከልጅቱ ጀርባ ቆመ። መቶ አለቃው፣ ምሶሶና ሙሽራው ያለ ጠባቂ በተቀመጡበት ቀሩ፤ መነሳት ይፈቀድልን አይፈቀድልን አላወቁም። ሻምበል ባሻው የምስክር መቀመጫውን ጎትቶ ወደ እሷ አስጠጋ።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አላት። «ገና ብዙ ይጠይቁሻል።»